የታሰረ ምላስ አንገት በማሸት አይፈታም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ምላሳቸው ወይም ከንፈራቸው “የታሰረ” ሕፃናት በካይሮፕራክቲክ (አንገትንና አከርካሪን በእጅ እየተጫኑ በማስተካከል በሚሰጥ ሕክምና) እንደሚድኑ የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የዘወትር ሥራዬም ጡት ማጥባት የከበዳቸውን እናቶች መርዳት ነው። ጽሑፉ የእናቶቹን ስቃይ በደንብ አሳይቷል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ነገር ግን አሳስቦኛል።

ሁላችንም ከምላሳችን ሥር ስስ ቆዳ አለችን። አንዳንድ ሕፃናት ላይ አጥራ ምላስን ወደ ታች ትይዛለች። እንዲህ ያለው ሕፃን ምላሱን ወደ ፊት አውጥቶ ጡቱን ከሥር መደገፍ ሊያቅተው ይችላል። ያኔ ጫፉን ብቻ ይጨምቃል። እናት ትቆስላለች፣ ልጅ አይጠግብም። ችግሩ ያለው አፍ ውስጥ ነው። አንገትንና አከርካሪን ቢጫኑ ያቺ ቆዳ አትረዝምም። ካይሮፕራክቲክ የታሰረ ምላስ ያላቸውን ሕፃናት እንደሚረዳ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃም የለም።

“እኛ ግን ወስደነው ተሽሎታል” የሚሉ ወላጆች አሉ። አምናቸዋለሁ፣ በእርግጥም ተሽሎታል። ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የሕፃኑ አፍ ያድጋል፣ እናትም አያያዙን ትለምዳለች፣ ልጁም ይበረታል። ብዙዎቹ ማንም ሳይነካቸው ይሻላቸዋል። ያለ ማወዳደሪያ ምስጋናውን ለእሽቱ መስጠት አይቻልም።

በአውስትራሊያ የካይሮፕራክተሮች ተቆጣጣሪ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን አከርካሪ በእጅ ማስተካከልን ከለከለ። በ2023 ክልከላውን አነሳ፤ በ2024 የጤና ሚኒስትሮቹ ሲቃወሙ መልሶ አጸናው። ከባድ ጉዳት በብዛት ስለተመዘገበ አልነበረም። ጥቅሙ ባልተረጋገጠ ነገር የአራስን አንገት መንካት ተገቢ አይደለም ተብሎ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የከንፈሩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የምታያይዘው ቆዳ በሁሉም አራስ ላይ ማለት ይቻላል አለች። ጤናማ ናት፤ መንጋጋ ሲያድግ ወደ ላይ ትሸሻለች። እናትን በዚህ ማስጨነቅ ልክ አይደለም።

ከምላስ ሥር ያለችው ቆዳ ሁልጊዜ ትቆረጥ ማለቴም አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ምላሳቸው የታሰረ ከሚመስሉ ሕፃናት ለመጥባት የሚቸገሩት ከግማሽ በታች መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠለጠነ ሰው ልጁ ሲጠባ ቁጭ ብሎ ይይ። ብዙ ጊዜ የእናትየውን አቀማመጥና የልጁን አያያዝ ማስተካከል ይበቃል። ካልበቃና ምላሱ በእርግጥ ከተያዘ፣ ሐኪም ያቺን ቆዳ በመቀስ ይለቃታል። አጭር ሥራ ነው፤ የእናትን የጡት ጫፍ ሕመም ቶሎ እንደሚቀንስም ጥናቶች አሳይተዋል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያዘነብል ሕፃን ካለ ደግሞ ሐኪም አይቶት ወደ ፊዚዮቴራፒ ይላከው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሚባክነው ጊዜ ነው። ጡት በደንብ ካልተጠባ ወተቱ ይቀንሳል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ ደግሞ መመለስ ይከብዳል። “ጥቂት ቀጠሮ ይቀራችኋል” እየተባለ ልጅ ክብደት ሲያጣ ማየት ያማል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚቀጥለው እትማችሁ የሕፃናት ሐኪም አነጋግሩና እነዚህን ምልክቶች ጉልህ አድርጋችሁ አውጡልን፦ ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 ያነሰ ዳይፐር በሽንት ካረጠበ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ የልደት ክብደቱን ካልመለሰ፣ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ያንኑ ዕለት ሐኪም ይየው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ