ገንዘብ የቆጠረ እጅ

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከቤት ውጭ ስለሚገዛ ምግብና መጠጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ጊዜውንም የጠበቀ ነው። ግን ምክሩ ሲጠቃለል «ንጹሕ ከሚመስል ቦታ ግዙ» ከሚል አያልፍም። እኔ ደግሞ ይህ ምክር ሰውን ያዘናጋል ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ።

በቀደም ከልጄ ጋር መንገድ ላይ ሳለን ራበው። የገባንበት ቤት የሚያብረቀርቅ ነበር። ወለሉ ተወልውሏል፣ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ እንኳ የለም፣ ሻጩ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ በሁለቱም እጁ ጓንት አጥልቋል። ደስ አለኝ። ተሰልፈን ስንጠብቅ ግን ዓይኔ ጓንቱ ላይ ቀረ። ከፊታችን ለነበረው ሰው ዳቦውን ሰነጠቀለት፣ ሰላጣውን በጣቱ አንስቶ ከተተለት፣ በዚያው ጓንት ገንዘቡን ተቀበለ፣ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ሳንቲም ከመሳቢያው ለቅሞ መልስ ሰጠው። ከዚያ ስልኩ ጠራና አውጥቶ አይቶ ዘጋው። ከዚያ ቆቡን አስተካከለ። ከዚያ የእኛን ዳቦ አነሳ። በመጨረሻ ፌስታሉ አልከፈት ሲለው አፉን አስጠግቶ እፍ አለበት።

እኔም ምንም አላልኩም። ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ልጄ በላ።

እስቲ አስቡት፣ ያ ጓንት ለማን ነው የተደረገው? የሻጩን እጅ ከእኛ ገንዘብ ጠብቆለታል። የእኛን ዳቦ ግን ከምንም አላስጣለውም። እንዲያውም ባዶ እጅ ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ፣ ምክንያቱም ባዶ እጅ ሲያድፍ፣ ሲጣበቅ፣ ሲወዛ ለባለቤቱ ይታወቀዋል፣ ይቀፈውና ይታጠባል። ጓንት ያደረገ ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ጠዋት ያጠለቀውን ማታ ያወልቀዋል። ጓንት ሥራ በተቀየረ ቁጥር ካልተቀየረና ከማጥለቁ በፊት እጅ ካልታጠበ ሁለተኛ ቆዳ ነው። ያውም የማይታጠብ ቆዳ።

በማግስቱ ማታ ልጄ ማስመለስ ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃ ያጠጣሁት እንኳ አልረጋለት አለ። ሲነጋ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩትና ገና ሳልጠየቅ «ከትናንት ወዲያ በገዛሁለት ዳቦ ነው» አልኩ። ሐኪሟ ግን «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ባለፉት ቀናት የበላውንና የጠጣውን በሙሉ ይንገሩኝ» አለችኝ። ማስታወስ የቻልኩት ግማሹን ብቻ ነው። ደግነቱ ልጄ በሁለት ቀን ውስጥ ተሽሎት ተነሳ። እኔ ግን የሐኪሟ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ሳነብና ስጠይቅ ሰነበትኩ።

ብዙዎቻችን ሆዳችንን ባመመን ቁጥር የምንወቅሰው መጨረሻ የበላነውን ነው። በሽታው ግን የየራሱ ሰዓት አለው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ምግብ ውስጥ የሚተወው መርዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጥላል። ኖሮቫይረስ የሚባለው የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊወስድ ይችላል። ታይፎይድ ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው የጉበት በሽታ ደግሞ በአማካይ 28 ቀን ገደማ ተደብቆ ይቆያል። ከአንድ ወር በፊት ምን እንደበላ የሚያስታውስ ማን አለ? ስለዚህ ያሳመመን ሻጭ እንዳሳመመን ሳያውቅ ይኖራል። እኛም ምንም ያላጠፋውን ሌላ ሰው ስም እናጠፋለን። እኔም ያንን ቤት በስም የማልጠራው ለዚሁ ነው፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ያየሁትን እጅ ግን አይቻለሁ።

«ንጹሕ ይመስላል» የሚለውን ነገር የምፈራው እንግዲህ ለዚህ ነው። ምግብን የሚያሸቱትና የሚያሻግቱት ተህዋሲያን አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ከሚያሳምሙት የተለዩ ናቸው። የሸተተ ምግብ ራሱ ያስጠነቅቃል፣ እንጥለዋለን። የሚያሳምመው ግን ጣዕሙም፣ ሽታውም፣ መልኩም ደህና ሊሆን ይችላል። ኖሮቫይረስን ብትወስዱ ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች አንድን ሰው ለማሳመም ይበቃሉ። እነዚህን በዓይን ማየት አይታሰብም። በዚያ ላይ በአልኮል የሚሠራ ሳኒታይዘር ይህን ቫይረስ እንደ ሳሙናና ውሃ አያስወግደውም። ጠረጴዛው ላይ የሳኒታይዘር ጠርሙስ ስናይ «እነዚህ ሰዎች ጥንቁቅ ናቸው» ብለን እንረጋጋለን። እኔ ግን አሁን የምፈልገው የእጅ መታጠቢያውን ነው። የት ነው? ሳሙና አለበት? ውሃ ይወርዳል? ከሻጩ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ያልሆነ መታጠቢያ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠቀሙበታል ብዬ አላምንም።

«ሞቅ አድርግልኝ» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ስታፊሎኮከስን ከ10 ሰው 3ቱ ገደማ ምንም ሳይታመሙ አፍንጫቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ሻጩ አፍንጫውን ይነካና ምግቡን ይነካል። ምግቡ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ተራብቶ መርዙን ይተዋል። ያ መርዝ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም፤ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ መርዙ እዚያው ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሁኔታው ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። አንዷ ብቻ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ዝም ብሎ ውጭ አይቀመጥ የሚለው፣ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን የሚለው ለዚህ ነው። በመካከል ያለው ለብታ ለተህዋስ ገነት ነው። መስታወት ውስጥ አንዲት አምፖል በርታበት ተደርድሮ የሚውለው ምግብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያ መካከል ነው ያለው። እጄን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ ሙቀቱ ካልተሰማኝ አልገዛም።

ስለ ጨርቁም ልናገር፣ ምክንያቱም ከጓንቱ ቀጥሎ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ያ እርጥብ ጨርቅ። ጠረጴዛ ይጠረግበታል። ወንበር ላይ የፈሰሰ ነገር ይጠረግበታል። ከዚያ ትሪው፣ ከዚያ ቢላው፣ በመጨረሻ የአስተናጋጁ እጅ። መልሶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። እርጥብ ነው፣ የምግብ ፍርፋሪ አለበት፣ ለብ ያለ ክፍል ውስጥ ይውላል። ጠረጴዛው ሲያብለጨልጭ ደስ ይለናል፤ የሆነው ግን የአንዱ ጠረጴዛ እድፍ ወደ ሌላው መዛወሩ ነው። ብርጭቆም እንዲሁ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከሃያ ሰው በኋላ የሚነከር ብርጭቆ ታጠበ አይባልም። በረዶውንም አትርሱት፤ መቀዝቀዝ አብዛኛውን ተህዋስ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፣ መጥፎ ውሃ በረዶ ስለሆነ ጥሩ ውሃ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ተራ የንጽሕና ጭቅጭቅ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ገደማ በተበከለ ምግብ ይታመማል፣ 420 ሺህ ይሞታል። ከሟቾቹ ከመቶ 30ው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ባልዲ ይዤ ባደርኩበት ሌሊት ይህን ቁጥር አለማወቄ በጀኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፣ እሱም ዝምታችን ነው። ያን ቀን ሁሉንም አይቼ ለምን ዝም አልኩ? ሻጩን የሰደብኩት መስሎ ተሰማኝ፣ ሌላ አይደለም። ለአንድ ሰው «እጅህን ታጠብ» ማለት «ቆሻሻ ነህ» ማለት ይመስለናል። ይህ ስሜት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ሴመልቫይስ የሚባል ሐኪም አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው እናቶችን ለሚያዋልዱ ሐኪሞች በክሎሪን ውሃ ታጠቡ አላቸው። በሚያዝያ ከመቶ 18 ገደማ የነበረው የእናቶች ሞት ትእዛዙ ከወጣ በኋላ በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ የተማረና የተከበረ ሰው እጅ ይገድላል መባሉን እንደ ነውር የቆጠሩት ነበሩ። ሐኪሞች እንዲህ ከተሰማቸው ሻጩ ቢከፋው አይገርመኝም። ግን እሱ እንዳይከፋው ብዬ ልጄን አላስታምምም።

ስለዚህ ሰሞኑን መናገር ጀምሬያለሁ። በቅርቡ አንድ ቤት ገብቼ «ወንድም፣ መጀመሪያ ልክፈልህ፣ ከዚያ ታጥበህ ብትሠራልኝ ደስ ይለኛል» አልኩት። ፊቱ ጠቆር አለ። ከኋላዬ የተሰለፉትም አጉረመረሙ። ግን ሄዶ ታጠበ፣ በሳሙና፣ ትንሽም ቆየ፣ ተመልሶ መጥቶም ሠራልኝ። ልቤ ይመታ ነበር፣ አልዋሽም። ሁለተኛው ጊዜ ግን ቀለለኝ። በመጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ ይታጠብ፣ ከዚያ ምግቡ ይነካ፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ቢስተካከል ግማሹ መንገድ ያለቀ ይመስለኛል። ሁለት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ከዚህም ይቀላል፣ አንዱ ገንዘብ ይያዝ፣ አንዱ ምግብ።

ገዢዎችም ብንሆን ንጹሖች አይደለንም። ዳቦውን አንዱን ከአንዱ እየጨመቅን የምንመርጠው እኛ ነን። መቆንጠጫው እያለ በእጃችን እናነሳለን። ክፍት ምግብ ላይ ጎንበስ ብለን እያወራን፣ አንዳንዴም እያስነጠስን እንመርጣለን። የታሸገውን መጠጥ ክዳን ሳናጥብ ወይም ሳንጠርግ አፋችን ላይ እንደፋለን፤ ያ ክዳን ስንት መጋዘን እንዳደረና ምን እንደሄደበት ማንም አያውቅም። ገንዘብ ሰጥተን መልስ ተቀብለን በዚያው እጅ የምንበላው ሰዎች ሻጩን ብቻ መውቀስ አንችልም። እኔ አሁን ውሃና ትንሽ ሳሙና በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ።

አንድ ነገር ግን ለሻጮች ወግኜ ልናገር። ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሰው ምልክቱ ከቆመ በኋላ እንኳ 48 ሰዓት ምግብ ባይነካ ይመከራል፣ ምክንያቱም ተህዋሱ ገና ከሰውነቱ እየወጣ ሊሆን ይችላል። በቀን ገቢ የሚኖር ሰው ግን ሁለት ቀን እቤት ተኛ ሲባል ምን ይብላ? አሠሪው የሕመም ቀኑን ካልከፈለው ሆዱን ይዞ ይመጣል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበረችው ሜሪ ማሎን የታይፎይድ ተህዋስ ይዛ እየሠራች እሷ ራሷ ሕመም አይሰማትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ተይዛ በ1910 ዳግም ምግብ እንዳታበስል ተነግሯት ተለቀቀች። ግን ከዚያ የተሻለ የሚከፍላት ሥራ አልነበራትምና ስሟን ቀይራ ወደ ማብሰል ተመለሰች። በ1915 እንደገና ተያዘችና እስከ ሞተችበት እስከ 1938 ተገልላ ኖረች። ሰዎች ታሪኳን ሲያወሩ እሷን ይኮንናሉ። እኔ ሳነበው ያሳሰበኝ ሌላ እንጀራ ሳይሰጧት «አታብስዪ» ብለው መልቀቃቸው ነው። የምግብ ቤት ባለቤቶች ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ፣ የታመመ ሠራተኛችሁን ደመወዙን ሳትቆርጡ አሳርፉት።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ «ንጹሕ ቦታ ምረጡ» የሚለውን ተዉትና የእያንዳንዱን በሽታ የመታያ ሰዓት በትንሽ ሰንጠረዥ አውጡልን፣ ቆርጠን ማቀዝቀዣችን ላይ እንለጥፈዋለን። ልጄ ዳግመኛ ቢያመው ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ከየትኛው ቀን እንደምጀምር ልወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ የዘወትር አንባቢያችሁ