ከሦስት በላይ አታስቀር

ነሐሴ 19 ቀን፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቀስ በቀስ መታጠፍ ጀምሯል፤ ሐኪሙ ግን እስከ መስቀል ድረስ ጎንደር እንዳልመለስ ስለ ከለከለኝ በእህትህ ቤት ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ። ትናንት ማታ አክስትህ ደውላ ስለ ጓሮው ዱባ የነገረችኝ እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። በአንዱ እግር ላይ ሰባት ፍሬ መያዙን፣ አንተም ሰባቱንም አደርሳለሁ ብለህ አንዱን እንኳ አልነካም ማለትህን፣ ዩሪያ መጨመርህን፣ ጓደኞችህ በመጡ ቁጥር ዱባዎቹን ከመሬት እያነሣህ ማሳየትህን ሰማሁ።

ልጄ፣ ከሦስት በላይ አታስቀር።

ዱባ የሚወፍረው ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሚያበጀው ስኳርና ሥሩ ከሚስበው ውኃ ነው። ቅጠሉና ሥሩ የሚያበጁት ደግሞ ልክ አለው፤ ሰባት አፍ ከመጣበት ለሰባት ይከፈላል፣ ሦስት ከመጣበት ለሦስት። ቀድሞ የያዘው ፍሬ የበለጠውን ስለሚስብ ኋላ የያዙት ወይ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ፣ ወይ እንደ ጡጫ ሆነው ይቀራሉ፤ እስኪረግፉ ድረስ ግን ከወንድሞቻቸው ድርሻ መብላታቸውን አይተዉም። ዩሪያውንም ከእንግዲህ አትጨምር። ፍሬ ከያዘ በኋላ ዩሪያ ቅጠልና ሐረግ ከማብዛት ያለፈ አይጠቅምም። ከአጥሩ ሥር ያከማቸሁት የበሰለ ፍግ ይበቃዋል።

በስልክህ ያሳየኸኝን የፈረንጆቹን ዱባ ረስቼው አይደለም። በእነርሱ አቆጣጠር በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃፍ ሙን ቤይ በተባለ ከተማ የተመዘነው ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ነገር ግን ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ያ ዘር ሌላ ነው፤ ሃዋርድ ዲል የተባለ የካናዳ ገበሬ በኖቫ ስኮሺያ ለብዙ ዓመታት እየመረጠ ያወጣው አትላንቲክ ጃይንት የሚባል ዘር ነው፣ በሚፋፋበት ሰሞን በአንድ ቀን 20 ኪሎ ግራም የሚጨምርበት ጊዜ አለ። አንተ ያላስተዋልኸው እነዚያ ሰዎች ለውድድር ሲያሳድጉ በአንድ እግር ላይ የሚያስቀሩት አንድ ፍሬ ብቻ መሆኑን ነው። እኔ አንድ ብቻ አስቀር አላልሁህም። አንዱ ለቁስቋም ዝክር፣ አንዱ ለቤታችን፣ አንዱ ለአክስትህ፤ ስለዚህ ሦስት ይሁን።

አመራረጡ እንዲህ ነው። አንዱን ከዋናው ሐረግ ላይ፣ ከሥሩ ራቅ ብሎ ከያዘው ምረጥ፤ ሁለቱን ከግራና ከቀኝ ከወጡት ቅርንጫፎች ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ውሰድ። ሁለት ፍሬ በአንድ ሐረግ ላይ ጎን ለጎን አይቀመጥ። ከዚያ በየቅጠሉ አንጓ ላይ አፈር አልብስ፤ ከአንጓው አዲስ ሥር ይወጣና እያንዳንዱ ሐረግ ለራሱ ዱባ ይመግባል፣ በአንድ እግር ላይ ሦስት ትልልቅ ዱባ የሚገኘውም በዚህ ነው። ዱባው ካለበት አንጓ ግራና ቀኝ ያለውን ግን አፈር አታልብሰው፤ ሥር ሰዶም ከሆነ በጥንቃቄ ቁረጠው። ዱባው ሲያብጥ ትከሻው ሐረጉን ወደ ላይ ይገፋዋልና ሐረጉ ከመሬት ጋር ከተያዘ እጀታው ይገነጠላል። የማንሣቱም ነገር ይህንኑ ያመጣል። ሁለተኛ እንዳታነሣቸው! ሊያይ የመጣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይይ።

እኔም በአንተ ዕድሜ፣ እንዲያውም ከአንተ ባነሰ ዕድሜ፣ ይህንኑ አድርጌያለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አያትህ ለጽጌ ዝክር የሚሆን ዱባ እንዳሳድግ አንድ እግር ሰጥታኝ፣ ዘጠኝ ፍሬ ያዘልኝ። እኔም በቀጋ እሾህ በለጋው ልጣጭ ላይ የእኔንና የስምንቱን ወንድሞቼንና እህቶቼን ስም ጫርሁባቸው፤ የተጫረው ቦታ ጠባሳ እየሠራ ዱባው ባደገ ቁጥር ፊደሉም አብሮ ያድጋልና ዘጠኙ ስም ሲሰፋ ለማየት ነበር ጉጉቴ። እናቴ መጥታ አየችና «አንድ ጡት ዘጠኝ አያጠባም፤ ሦስቱን አስቀሪና ሌላውን ቁረጪ» አለችኝ። ስማቸው ተጽፎ የማንን ልቁረጥ? እሺ አልሁና አልቆረጥሁም። እርስዋም ሥራ በዝቶባት ደግማ አላየችውም።

ጥቅምት ሲያልቅ ዘጠኙም ከሽሮ ማሰሮ አይበልጡም ነበር፤ ፊደሎቹም ስጽፋቸው እንደነበሩ ደቃቅ ሆነው ቀሩ፣ የታናሽ እህቴ ስም እንዲያውም አይነበብም። እናቴ አልተቆጣችም። ለእኔ ጫማ መግዣ ብላ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ አንሥታ ከቅዳሜ ገበያ ትልቅ ዱባ ገዛች፤ በነጠላ አዝላው ያንን የቁስቋምን ዳገት ስትወጣ እኔ በጫማው አኩርፌ አልከተልኋትም። ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ እመለከታት ነበር። ሁለት ጊዜ ቆማ ዱባውን ወደ ላይ አስተካከለች፣ ወደ ቤት ግን ዞር ብላ አልተመለከተችም። ሮጬ «አምጪ ልያዝልሽ» ብላት ኖሮ ምን ነበረበት? በማግሥቱ ዓመት በዱባ መዝሪያ ጊዜ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ዱባ አሳድጌአለሁ፤ እርስዋ ያየችልኝ ግን ዘጠኙን ብቻ ነው።

ይህን ያህል አልጽፍም ብዬ ነበር፣ ጉልበቴ አስቀምጦኝ ነው።

አሁን የምልህን ስማ። ውኃ ስታጠጣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አታፍስስ፣ በተለይ ማታ፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ ቅጠል ለበሽታ ይጋለጣል። አሁን በክረምቱ የሚያስፈልገው ማጠጣት ሳይሆን ውኃ እንዳይተኛበት በመደቡ ዙሪያ ቦይ መቅደድ ነው፤ ማጠጣቱ ዝናቡ ሲቆም ይደርሳል። በእያንዳንዱ ዱባ ሥር ጣውላ አድርገህ ደረቅ ገለባ አንጥፍበት፣ እርጥብ አፈር ላይ ከተኛ ከታች ይበሰብሳል። በወንዙ በኩል ያለውን አጥር ዛሬውኑ ድፈን፤ ጃርት የዱባ ሽታ ካገኘ በአንድ ሌሊት ይጨርስሃል።

ከመረጥሃቸው አንዱ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ አትደንግጥ። በዝናብ ንብ ስለማይወጣ ሴቴዋ አበባ ሳትዳቀል ትቀራለች። ከሥርዋ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት ያላት እርስዋ ናት። በረገፈው ምትክ ሌላ እንዲይዝ፣ ልትፈነዳ የደረሰችውን ሴቴና አንድ ወንዴ አበባ በዋዜማው ማታ ጫፋቸውን በክር እሰርና ዝናብ እንዳይገባባቸው አድርግ፤ በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የወንዴውን ቅጠል ገፍፈህ ብናኙን በሴቴዋ መካከል ባሉት ጉብታዎች ሁሉ ላይ በቀስታ አስነካ። አንዱን ጉብታ ከዘለልህ ዱባው ጎኑ ጎድሎ ያድጋል። እኩለ ቀን ሳይደርስ አበባዋ ስለምትዘጋ እንቅልፍህን ሰውተህ ተነሣ።

አንተ ለሰባቱም የራራኸው ልብህ ደግ ስለሆነ መሆኑን አውቃለሁ፣ ከእኔ የወረስኸው ነው፤ ስለዚህም ነው የምፈራልህ። ከሦስት በላይ አታስቀር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቢላውን በእሳት ለብልበህ አራቱን ቁረጥ። ጥፍርህን የማይቀበል ልጣጭና የደረቀ እጀታ እስክታይ ድረስ ሦስቱን አትንካ፤ ስትቆርጥም አንድ ስንዝር እጀታ ተውላቸው፣ በእጀታውም አንጠልጥለህ አትሸከም።

የቆረጥሃቸውን አራቱን ለጋዎች እንዳትጥላቸው። ለአክስትህ ውሰድላት፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ጥሩ አድርጋ ትጠብሳቸዋለች። ለኅዳር 6 የቁስቋም ዝክር የሚሆነውን ትልቁን ግን አንተ ተሸክመህ ውጣ፤ እኔም እስከዚያ ጉልበቴ ከተፈወሰ ከኋላህ እከተላለሁ።

የምትወድህ እናትህ