ደብዳቤ ለልጄ፦ ያን ገመድ እንዳትሰኪው

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሰላም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

እናትሽ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች። ሬንደር ስታደርጊ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራሽን ወደ ምስል ሲለውጥ፣ እንደሚጠፋብሽ፣ እህል በወጉ እንደማትቀምሺ፣ ፕሮጀክቱን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት እንደቀረሽ፣ የክፍል ጓደኛሽም ከራሱ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የተረፈ ገመድ ቅዳሜ ሊያመጣልሽ እንደሆነ። ሌላውን ሁሉ እንደርስበታለን። ያን ገመድ ግን እንዳትሰኪው። ልጁ በቅን ልቦና እንዳሰበልሽ አውቃለሁ፤ አመስግኚው፣ ቡና ጠጥቶ ይሂድ፣ ገመዱን ግን ይዞት ይመለስ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ላይ የሚሰካው ጫፍ የትም ቢሠራ አንድ ዓይነት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን ደንብ የለውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ይሠራዋል፣ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ። ፕላስቲኩ ልክክ ብሎ ይገባል። ውስጡ ግን 12 ቮልት የሚጠበቅበት ፒን ላይ ግራውንድ (የኃይሉ መመለሻ፣ ዜሮ ቮልት)፣ ግራውንድ የሚጠበቅበት ላይ 12 ቮልት ሊመጣ ይችላል። ቁልፉን የተጫንሽ ለታ ካርዱም፣ ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማዘርቦርዱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ።

የአጎትሽን ኮምፒውተር ታስታውሻለሽ። ፓወር ሰፕላዩ ሲበላሽበት አዲስ ገዛ፤ የሃርድ ዲስኩ ገመድ ከኬዙ ጀርባ ተጠፍሮ ስለነበር እሱን መፍታት ታክቶት አሮጌውን ገመድ አዲሱ ላይ ሰካው። አምስት ቮልት በሚገባበት 12 ቮልት ገባ። ዲስኩ ጨሰ። ጠጋኙ የዲስኩን ሰሌዳ ቀይሮ ሞከረ፣ አልተነሳም። በክርስትናሽ ቀን እማማ ሲመርቁሽ የተቀረጸው ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ስምሽን እየጠሩ፣ እየደጋገሙ መረቁሽ፤ አንቺም ጋቢያቸው ውስጥ ተኝተሽ ነበር። ድምፃቸውን አልሰማሽው፣ ከእንግዲህም አትሰሚውም። ሌላ ቦታ ሳይቀዳ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔ ያን ጊዜም እንደዛሬው ሰው አገር ነበርኩ።

በይ፣ አሁኑኑ ተነሺና ፕሮጀክትሽን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ቅጂ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኮምፒውተሩ የምንሄደው።

መጀመሪያ አጠፋፉን ለዪ። ሙሉ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ከተነሳ ጥርጣሬሽ ኃይሉ ላይ ይሁን። ስክሪኑ ብቻ ጠቁሮ የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ ከጮኸ፣ ዘፈኑም ከቀጠለ፣ ካርዱ ወይም ወደ ካርዱ የሚሄደው ኃይል ነው። ፕሮግራሙ ብቻ ተዘግቶ ዊንዶውስ ደህና ከሆነ ደግሞ የካርዱ 10 ጊጋባይት ሜሞሪ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ብልሽት አይባልም፣ በሥራሽ ውስጥ ያሉትን የዛፎቹንና የቴክስቸሮቹን (የገጽታ ምስሎቹን) መጠን ቀንሺ። የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ኢቨንት ቪወርን ከፍተሽ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን እዪ። ዲስፕሌይ 4101 ወይም በኤንቪ የሚጀምር ረጅም ስም ካለ፣ ካርዱ ለሁለት ሰከንድ መልስ አጥቶ ዊንዶውስ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም) እንደገና አስነስቶታል ማለት ነው። ከርነል ፓወር 41 ብቻ ካለ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብሎ አይፈርድም።

እኔ ኃይሉን ነው የምጠረጥረው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አርቲኤክስ 3080 ካርድሽ 320 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰርሽ ራይዘን 7 5800ኤክስ ሲጨነቅ እስከ 142 ዋት ይደርሳል። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን 60 ዋት ያህል ጨምሪበት፤ ከ500 ዋት አለፍሽ። ፓወር ሰፕላይሽ 650 ዋት ስለሆነ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ካርድ ለሚሊሰከንዶች ከ320 ዋት እጅግ በላይ ይስባል፣ ፓወር ሰፕላዩም ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 750 ዋት የሚመክረው በከንቱ አይደለም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝልሽ ያ ዩፒኤስ ደግሞ አለ። 650 ቪኤ የሚለው ዋት አይደለም፤ ጀርባው ላይ ዋት የሚለውን አንብቢ፣ የዚህ መጠን ዩፒኤሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ናቸው። አንቺ ሬንደር ስትጀምሪ ከአቅሙ በላይ ይጫንበትና ይዘጋል። ለኢንተርኔቱና ለስክሪኑ ተዪው፤ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተሽ ሞክሪ። ይህ ብቻ መፍትሔ ቢሆን አይገርመኝም። መብራት ሲሄድ ከኋላ ያለውን ማብሪያ አጥፊ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተሽ አብሪ።

ቀጥሎ ገመዱ። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ከአንድ ገመድ የተቀጠሉ ሁለት ጫፎች ካርዱ ላይ ተሰክተው አይቻለሁ። አንድ ባለ 8 ፒን መስመር 150 ዋት ነው የሚሸከመው፣ የማዘርቦርዱ ስሎት 75 ዋት ይጨምራል። ሁለቱን ጫፎች ከአንድ ገመድ ስትወስጂ ሸክሙ በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ ገመዶች ያስፈልጉሻል፤ ሁለተኛው እዚያው ቤት አለ። ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው የፓወር ሰፕላዩ ካርቶን ውስጥ፣ ጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ነው። ጫፉ 6 እና 2 ሆኖ የተከፈለውን ያዢ፤ 4 እና 4 ሆኖ የተከፈለው የፕሮሰሰሩ ነው፣ ካርዱ ላይ አይሰካም። ከዚያ ከረጢት ውጪ ያለ ገመድ ከማንም ቢመጣ፣ በነጻም ቢሆን፣ እንዳትሰኪ።

ስትሠሪ ኮምፒውተሩን ዝጊ፣ ከኋላ ያለውን ማብሪያ አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀይ፣ የፊቱን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጫኚ። ያልተቀባ የኬዝ ብረት ንኪ። ሁለቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ፍቺ፣ ስሎቱ ጫፍ ላይ ያለችውን መያዣ ተጫኚ፣ ካርዱን በጠርዙ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ አውጪ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ። መልሰሽ ስታስገቢ መያዣዋ ቀጭ ማለት አለባት፤ የኃይል ጫፎቹም እንዲሁ፣ ግማሽ የገባ ጫፍ ይሞቃል፣ ይቀልጣልም። የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አትሰኪ፤ ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ከዚያ በኩል ምስል አይመጣም።

ከዚህ በኋላም ከጠፋ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚና የካርዱን የኃይል ገደብ ፓወር ሊሚቱን 70 በመቶ ላይ አድርጊው። 320ው ወደ 224 ዋት ይወርዳል። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ካልጠፋ ችግሩ ኃይል ወይም ሙቀት ነው፤ ማስረከቢያሽ እስኪያልፍ በዚሁ ሥሪበት። ሌላ ምንም አትነካኪ።

ሙቀቱን በኤችደብሊው ኢንፎ ፕሮግራም ተከታተዪ። ዋናው ቁጥር 70 ቢል አትታለዪ፣ ሜሞሪ ጃንክሽን የሚለውን የሜሞሪውን ሙቀት እዪ። ካርዱ አሮጌ ነው፤ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2022 መስከረም ወር ማይኒንግን (በካርዶች እያሰሉ ገንዘብ ማመንጨትን) ሲተው ገበያው በእንዲህ ዓይነት ካርዶች ተሞልቶ ነበር፣ ይሄም ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። በማይኒንግ ሌት ተቀን የሠራ ካርድ የሜሞሪው ተርማል ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ልጥፍ) ይደርቃል። 110 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኬዙን ጎን ከፍተሽ ሬንደር አድርጊ፤ ቁጥሩ ብዙ ከወረደ አየር ማነስ ነው። ካርዱን ራሱን መፍታት ግን ከማስረከቢያሽ በኋላ።

እንዲህም ሆኖ ከጠፋ፣ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ የሚነሳበት) ገብተሽ፣ ኢንተርኔት አቋርጠሽ፣ ድራይቨሩን በዲዲዩ ማጥፊያ ፕሮግራም አጥፊና የኤንቪዲያን ስቱዲዮ ድራይቨር ጫኚ። ራሙንም አትርሺ፦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የሚለውን የራም ማፍጠኛ አጥፍተሽ ሞክሪ። የራም ስህተት ብዙ ጊዜ የካርድ ብልሽት ይመስላል። የራም መመርመሪያው ሜምቴስት 86 ሌሊት አራት ዙር ይሂድ፤ አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ራሙን ነው የምንቀይረው። አንቺ ግን ተኚ፣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂው።

850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዝቻለሁ፤ ለገና የሚመጣ ሰው ይዞልሽ ይመጣል። ሲደርስ አሮጌውን ከነገመዶቹ ሙሉ በሙሉ አውጪ፣ አንድም እንዳታስቀሪ። የማዘርቦርዱም፣ የፕሮሰሰሩም፣ የዲስኩም ገመድ ከአዲሱ ካርቶን ይሁን። ከጀርባ የታሰረውን መፍታት ቢታክትሽ ወንድምሽን ጥሪው፣ ይፍታልሽ።

ለእናትሽ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ የምሳሽን ከእሷ ውሰጂ፣ ክፍል ስትሄጂም ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ። የኢቨንት ቪወሩን ፎቶና የዩፒኤሱን የጀርባ ጽሑፍ በቴሌግራም ላኪልኝ። ከሥራ ስለምወጣ በእናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ቪዲዮ ከፍተሽ ሁለቱን ገመዶች አብረን እናያለን።

አባትሽ