የደም ግፊት ታካሚዎች ስለ እንቅልፋቸውም ይጠየቁ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በደም ግፊትና በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሳያጓድሉ እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ ስላላቸው ታካሚዎች ነው። ጨው ቀንሰዋል፤ የጨረሱትን የክኒን ባዶ ማሸጊያ አውጥተው ያሳዩናል። እኛ ግን «በትክክል እየወሰዱ ነው?» እያልን መልሰን መላልሰን እንጠይቃቸዋለን። በምንሞላው ካርድ ላይ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም።

ሁሉም ማንኮራፋት በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ታካሚው ጥቂት ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ሲባንን ነው። ስሊፕ አፕኒያ በሚባለው በዚህ ሕመም በእንቅልፍ የላላው ጉሮሮ ይዘጋና ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቋረጣል። ከባድ በሆነባቸው ሰዎች ላይ ይህ በየሰዓቱ 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ጊዜ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አድሬናሊን ይረጫል፣ የደም ሥር ይኮማተራል። ጤናማ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ የእነዚህ ሰዎች ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ያድርና ቀንም ከፍ እንዳለ ይቀራል። ያው የሆርሞን መረበሽ ኢንሱሊን በአግባቡ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ ስኳርንም ያባብሳል። የልብ ምት መዛባትና ስትሮክም ከዚሁ ሕመም ጋር የተያያዙ ናቸው።

ታካሚው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ተኝቷልና። የምታውቀው አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ናት፤ እርሷን ደግሞ ማንም ወደ ምርመራ ክፍል አይጠራትም። ሌሊት መታነቁን ዱካክ ነው ብለው ለዓመታት የሚኖሩ ቤተሰቦችም አሉ። ሴት ታካሚዎች የበለጠ ይዘነጋሉ፤ ብዙዎቹ ስለ ማንኮራፋት አያነሡም፣ የሚናገሩት ድካምና የጠዋት ራስ ምታት ነው።

የምለምናችሁ በቀላሉ ሊጀመር የሚችል ነገር ነው። ስቶፕ ባንግ የሚባለው መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ማንኮራፋትን፣ የቀን ድካምን፣ ሰው ያየውን የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊትን፣ ክብደትን፣ ዕድሜን፣ የአንገት ዙሪያን እና ጾታን ይመለከታል። ከክብደትና ቁመት መለኪያው ሌላ የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተዘጋጅቶ በክትትል ካርዱ ላይ ይጨመር። የትዳር ጓደኛም አብሮ ይጠየቅ።

ጥያቄው ምርመራን አይተካም። ስለዚህ በሪፈራል ሆስፒታሎች የእንቅልፍ ምርመራ ይስፋፋ፤ ቤት ተወስዶ የሚሠራበት አነስተኛ መሣሪያም አለ። በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ ከተሞከረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን ዋጋው ከደመወዝተኛ አቅም በላይ ነው። ግፊትን የሚቀንሰው በመጠኑ ስለሆነ መድኃኒት አያስጥልም። የቀን እንቅልፍን ግን በእጅጉ ያቃልላል፤ ይህም መሪ ለሚጨብጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ መካከለኛና ከባድ ስሊፕ አፕኒያን ከመንጃ ፈቃድ የጤና መስፈርት ጋር አያይዞታል። ወደ ጅቡቲ ሌሊት የሚጓዙ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎቻችንን ጉዳይ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ጋር ብትመክሩበት እወዳለሁ።

የክትትል ካርዱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሻሻል ጥያቄዎቹ እንዲገቡ፣ ውሳኔያችሁም ለጤና ተቋማት በደብዳቤ እንዲደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
በክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ