ለእማዬ፤ «ፒፑን ልተወው» ላልሽኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው? ይሄ ብርድ ሲጠና እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጆቹ ይናፍቁሻል።

እሑድ በስልክ ስለ ፒፕሽ፣ የብሪታንያ መንግሥት ለሕመምሽ ስለሚከፍልሽ ድጋፍ፣ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ «የበሽተኛ ብር ሊነሳ ነው፤ የሁሉም ነው የሚቆረጠው» ሲሉ ሰምተሽ፣ «እንግዲያስ እነሱ ሳይነጥቁኝ እኔው ልተወው፤ የላኩትንም የግምገማ ቅጽ አልሞላም» አልሽኝ። በስልክ ረጋ ብዬ ላስረዳሽ አልቻልኩም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ባለፈው ዓመት ማርች 18 ቀን 2025፣ ያኔ የሥራና የጡረታ ሚኒስትር የነበረችው ሊዝ ኬንዳል አንድ ዕቅድ ይዛ ፓርላማ ቀረበች። ለጤናና ለአካል ጉዳት የሚወጣው ገንዘብ ከኮቪድ ወዲህ በጣም አሻቅቧል፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ በዓመት አምስት ቢሊዮን ፓውንድ ያህል እንቆጥባለን አሉ። ወጪው መጨመሩ እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። የሚያቃጥለኝ ግን ቁጠባውን ከማን ላይ ሊያነሱት እንደነበር ነው።

ያንቺን ፒፕ አስቢው። የዕለት ኑሮ የሚባለው ክፍል አሥር ነገሮችን ይጠይቃል፦ ምግብ ማብሰል፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም እያለ ይሄዳል። እንደ ችግርሽ መጠን ነጥብ ይሰጡሻል፤ ተደምሮ ስምንት ሲሞላ ገንዘቡ ይፈቀዳል። አንቺ ለማብሰል ልዩ መያዣ ያለው ቢላዋና መክፈቻ ስለሚያስፈልግሽ ሁለት፤ ሻወር ውስጥ ወንበርና የግድግዳ መያዣ ስላለሽ ሁለት፤ ካልሲና ጫማሽን እህቴ ስለምታደርግልሽ ሁለት፤ ከፍ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ ስለምትጠቀሚ ሁለት። ስምንት ሞላ። በዕቅዱ መሠረት ግን ከአሥሩ ቢያንስ በአንዱ ላይ አራት ነጥብ ያላገኘ ሰው፣ ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን፣ የዕለት ኑሮውን ክፍል ያጣ ነበር። ማለትም አንቺ። አራት ቦታ የሚቸገር ሰው አንድ ቦታ ላይ በጣም ከሚቸገረው ያነሰ ችግር አለበት እንደማለት ነው፤ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ግን ማንም አልጠየቀም። ደግሞም ከወገብ በታች ሰው የሚያጥበው በሽተኛ በዚያ መመዘኛ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኘው። ይህን ማን «ቀላል ችግር» ይለዋል?

የምታጪው በ2025 ዋጋ በሳምንት 73 ፓውንድ ከ90 ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ሰዎቹ ያልነገሩሽ አንድ ነገር አለ፦ እህቴ አንቺን ስለምትንከባከብ የምታገኘው፣ በዚያው ዓመት በሳምንት 83 ፓውንድ ከ30 የነበረው ኬረርስ አላውንስ፣ የተንጠለጠለው በዚሁ ባንቺ ፒፕ ላይ ነው። ያንቺ ሲቆም የሷም ይቆማል። ስለዚህ «የራሴ ነው፣ ልተወው» ስትዪ ያንቺ ብቻ አይደለም። ሥራዋን በግማሽ የቀነሰችው ላንቺ ስትል ነው፤ አንቺም ይህን ታውቂያለሽ።

የመንግሥቱ የራሱ ግምት 370 ሺህ የሚሆኑ ፒፕ ተቀባዮች እንደሚያጡና 250 ሺህ ሰው፣ ከነሱም 50 ሺህ ሕፃናት፣ ወደ ድህነት እንደሚወርዱ ይናገር ነበር። ይህን የጻፉት ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው! ግን ሰው ዝም አላለም። አካል ጉዳተኞች በየመንገዱ ወጡ፣ ለየፓርላማ ተወካያቸው ጻፉ፣ ከገዢው ከሌበር ፓርቲ ከ120 በላይ አባላት ሕጉን ለማገድ ፈረሙ። መንግሥት መጀመሪያ «አሁን የሚቀበሉትን አንነካም» ብሎ አፈገፈገ። ከዚያ ጁላይ 1 ቀን፣ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው፣ የአካል ጉዳት ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቲቨን ቲምስ ተነሥተው የፒፑ አንቀጽ ከሕጉ እንደሚወጣ ተናገሩ። በዚያው ቀን ረቂቁ 335 ለ260 በሆነ ድምፅ አለፈ፤ በኋላም አንቀጹ ወጥቶለት ሴፕቴምበር ላይ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። እማዬ፣ የአራት ነጥቡ ደንብ ዛሬ የለም። ያንቺን ፒፕ የቆረጠ ሕግ የለም።

ሙሉ በሙሉ አልፏል ብዬ ግን አላታልልሽም። ፒፕ ራሱ እንዴት መመዘን እንዳለበት በቲምስ የሚመራ ጥናት እየተካሄደ ነው፤ ውጤቱ በዚህ በ2026 መገባደጃ ይጠበቃል። ከአካል ጉዳተኞች ጋር አብረን እንሠራዋለን ብለዋል፤ ቃላቸውን መጠበቃቸውን መከታተል የኛም ድርሻ ነው። በሕጉ ውስጥ የቀረ ሌላም ነገር አለ፦ ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው በሚከፈለው ድጎማ ላይ፣ ለሕመም የሚጨመረው ገንዘብ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ አዲስ የሚያመለክት ሰው በሳምንት 97 ፓውንድ ገደማ የነበረውን ወደ 50 ገደማ ወርዶ ያገኘዋል፤ ሕመማቸው ለዕድሜ ልክ እጅግ የጠና ወይም ሞት የቀረባቸው ብቻ በቀድሞው ይቀጥላሉ። አንቺ ቀድመሽ ስለገባሽ አይነካሽም። እኔ የማስበው ግን ያቺን ከፎቅ በታች ያለችውን ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ወገቧን ይዛ እያነከሰች ሌሊት ለጽዳት የምትወጣውን። ከኤፕሪል በኋላ ሥራውን ብታቆም ካንቺ ጋር አንድ ዓይነት ሕመም ይዛ ግማሹን ነው የምታገኘው። አግኝተሽ አነጋግሪያት፤ ለማመልከት የምታስብ ከሆነ በነፃ ምክር ወደሚሰጡት ወደ ሲቲዝንስ አድቫይስ ዛሬ ነገ ሳትል ትሂድ።

አሁን ወደ ቅጹ። ሳትመልሺው ከቀረሽ ክፍያውን ያቆሙታል፤ ምንም አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም። ስልሳ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ የመንግሥት ጡረታሽ በስልሳ ሰባት ነው የሚጀምረው። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ፒፕን እንደ አዲስ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚቀረው አቴንዳንስ አላውንስ የሚባለው የጡረታ ዕድሜ ለደረሱ የሚከፈል ድጎማ ነው፣ እሱ ደግሞ ለመንቀሳቀስ የሚሆን ክፍል የለውም። ጉልበትሽ እያደር እየባሰ ሲሄድ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ያ የመንቀሳቀሻው ክፍል ነው። ዛሬ በንዴት የተውሽውን ነገ በቀላሉ አታገኚውም።

«ልመና ሆነብኝ» ያልሽኝ ደግሞ በጣም አሳዘነኝ። አንቺ ስንት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየወጣሽ የሰው ቢሮ ስታጸጂ፣ ከደመወዝሽ ላይ ግብር ሲቆረጥ አይቻለሁ። ፒፕ ገቢንና ሀብትን አይጠይቅም፤ ሥራ ያላቸውም ይቀበሉታል። አገሩ ሰው ሲታመም የሚጨምርበትን ወጪ በጋራ ይሸፍን ተብሎ የቆመ ነገር ነው። ለማኝ የሚያሰኝሽ አንዳች የለበትም።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ባለፈው ጊዜ ገምጋሚዋ «እንዴት ነሽ?» ስትልሽ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልሽ። «ምግብ ታበስያለሽ?» ስትልሽ «አዎ፣ ምን አለ» አልሽ። እሷም እንዳለ ጻፈችው፤ አራት ነጥብ ብቻ ሰጡሽ፤ ይግባኝ ብለን፣ ፍርድ ቤት ቀርበን ነው ስምንቱን ያገኘነው። አምላክን ማመስገንሽን አትተይ። ነገር ግን ለገምጋሚዋ ሽንኩርቱን ማን እንደሚከትፍ፣ ድስቱን ማን እንደሚያወርድ፣ ከሻወር ወጥተሽ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ ንገሪያት። ጥያቄው «ትችያለሽ ወይ» ብቻ አይደለም። ሳትጎጂ፣ በደንብ፣ ደጋግመሽ፣ ሌላ ሰው ከሚወስድበት ጊዜ ብዙ ሳትቆዪ ማድረግ ካልቻልሽ፣ በደንቡ መሠረት አትችይም ማለት ነው። ደግሞም የሚቆጠረው እንግዳ ሲመጣ ተነሥተሽ የምትቆሚበት ቀን አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጊዜ ነው። አንቺ ሰው እንዳይሳቀቅብሽ ብለሽ ሕመምሽን እንደምትደብቂ እናውቃለን፤ እኛን ልጆችሽንም እንዲሁ እያልሽ አሳደግሽን። ለዚህ ቅጽ ግን የምትደብቂው ሁሉ ባንቺ ላይ ነው የሚቆጠረው።

አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ለገበያና ለጎረቤት በቂ ነው፤ የሕመም ነገር ግን ባማርኛ ሲነገር ነው ከልብ የሚወጣው። እህቴም አጠገብሽ ትቀመጥ። የቢላዋውን፣ የመቀመጫውንና የሻወሩን ወንበር ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ፤ ከጂፒሽ፣ ከሐኪምሽ፣ የቅርቡን ደብዳቤና የመድኃኒቱን ዝርዝርም አያይዘን እንልካለን። የከለከሉሽ እንደሆነ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን፤ አሁንም እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ከሚቀርቡት የፒፕ ጉዳዮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ላመልካቹ ይወሰናሉ፤ አንቺም አይተሽዋል።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አኑሪው፤ ቀኑ የሚያልቅበትን ወረቀቱ ላይ አይተሽ በስልክ ንገሪኝ፤ የሚያንስ ከሆነ ደውለን እንዲያራዝሙልን እንጠይቃለን። እኔ ሳልመጣ አንድም ነገር ፈርመሽ አትላኪ።

የሚወድሽ ልጅሽ
ከሊድስ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.