ለልጄ፤ ስለ ጀመርሽው መድኃኒት

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ለድባቴ (ለድብርት) የታዘዘልሽን ፍሎክሰቲን ከጀመርሽ ሳምንት እንዳለፈሽ፣ ከማቅለሽለሽና ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ያየሽው ለውጥ እንደሌለ፣ ልታቆሚው እንዳሰብሽም ነግረሽኛል። አታቁሚው። «ታገሺ» ብቻ ብልሽ እንደማይበቃሽ ስለማውቅ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ድባቴ ኀዘን ብቻ አይደለም። አንጎል ያየውንና የሰማውን የሚተረጉምበትን መንገድ ያዛባዋል። ከጆሮሽ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ አሚግዳላ የሚባል የለውዝ ፍሬ የሚያህል ክፍል አለ። ሥራው የሰው ፊት፣ ድምፅና አኳኋን የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን በፍጥነት መለየት ነው። ድባቴ የያዘው ሰው ያዘነ ወይም የፈራ ፊት ሲያይ አሚግዳላው ከልኩ በላይ ይቀሰቀሳል። ፊቱ ብልጭ ብሎ በሌላ ሥዕል ቢሸፈንና ሰውየው ማየቱን እንኳ ባያውቅ፣ አሚግዳላው ግን ያውቃል። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ይህን መቀስቀስ ማብረድ ነበረበት፤ በድባቴ ጊዜ ግን ይደክማል። መልካም ነገር ሲመጣ የሚነቃው ቬንትራል ስትራያተም የሚባለው ክፍል ደግሞ ይቀዘቅዛል። ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ሁሉ «ምኔም አይደለ» የሚሆንብሽ ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን የሚለኩበት ዘዴ ቀላል ነው። ምንም ስሜት የማይነበብበት አንድ ፊት ይወስዱና በኮምፒውተር በ10 በመቶ፣ በ10 በመቶ እየጨመሩ ወደ ፈገግታ ወይም ወደ ኀዘን ይለውጡታል። ድባቴ ያለበት ሰው ፈገግታን ለመለየት ከሌላው ሰው የበለጠ የጎላ ፈገግታ ያስፈልገዋል። ገለልተኛውን ፊት ደግሞ «አዝኗል» ይላል። የቃላት ዝርዝር አሳይተውት ቆይተው ሲጠይቁትም ከጥሩው ይልቅ ክፉ ክፉው ነው ትዝ የሚለው። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አስቢያቸው። ያው አንድ ዓይነት ትልልቅ ዓይን ነው፤ ልቡ የረጋ ሰው የሚጠብቁት ይመስለዋል፣ ድባቴ የያዘው ግን የሚፈርዱበት ሊመስለው ይችላል።

አከራይሽ ፊቷን አጠቆረችብኝ ያልሽኝንም በዚህ ዓይን እዪው። ጢሱ ዓይኗን አቃጥሏት ይሆናል፤ ወይም ሊጡ ኩፍ ብሎባት ቸኩላ ይሆናል። የምታዪው ሁሉ ሐሰት ነው እያልኩሽ አይደለም፤ በእርግጥ ያስቀየመሽ ሰውም ሊኖር ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ግን የሰው ፊት ላይ ፍርድ ለመስጠት አትቸኩዪ፤ የምትመዝኚበት ሚዛን ራሱ ታሟል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። «ሴሮቶኒን ስላነሰሽ ነው» የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ሴሮቶኒን የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ የሴሮቶኒን ማነስ ድባቴን እንደሚያመጣ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ አሳይቷል። ይህ ግን መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ፍሎክሰቲን የነርቭ ሴሎች የለቀቁትን ሴሮቶኒን መልሰው የሚሰበስቡበትን በር ይዘጋል። በቀን 20 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው ላይ ከእነዚህ በሮች ወደ 80 በመቶው ይያዛሉ፤ እጥፍ ብትውጪ የሚጨመረው ጥቂት ነው። ስለዚህ «ቶሎ እንዲሠራልኝ» ብለሽ በራስሽ ሁለት እንዳትወስጂ።

በሩ መዘጋት የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ከሆነ ስሜት የሚሻሻለው ለምን ከሳምንታት በኋላ ነው? እዚህ ላይ ነው የኦክስፎርዷ ተመራማሪ የካትሪን ሃርመርና የባልደረቦቿ ሥራ ብዙ የሚያስረዳን። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ድባቴ ላለባቸው ሰዎች ሪቦክሰቲን የተባለ ፀረ-ድባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰጧቸው። ሰዎቹ «ተሻለኝ» አላሉም፤ ፈገግታን መለየት ግን ተሻሽሎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እዚያው ኦክስፎርድ፣ ከፍሎክሰቲን ጋር አንድ ወገን የሆነውን ኤሲታሎፕራም በቀን 10 ሚሊ ግራም ለሰባት ቀን የወሰዱ ሕሙማን አሚግዳላቸው ለፈራ ፊት የሚሰጠው ምላሽ ድባቴ ከሌለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜም ስሜታቸው ገና አልተለወጠም ነበር።

ነገሩ ይህ ነው ልጄ፤ መድኃኒቱ ቀድሞ የሚያቀናው አተረጓጎሙን ነው። ስሜት የሚከተለው ቆይቶ፣ የቀናው አተረጓጎም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መልካም ነገር ሲለቅም ነው። ማራኪ ሰፈር ያለው ክፍልሽ ውስጥ በር ዘግተሽ ከተኛሽ ግን የሚለቀም ነገር የለም። አክስትሽ አራዳ ቡና ስታፈላ ሂጂ። ባታወሪም ግድ የለም፤ ቄጤማው ላይ ቁጭ ብለሽ ፊታቸውን ብታዪ ይበቃል። አቦሉን ጠጪ፣ ቶናውንና በረካውን እለፊው፤ ብዙ ቡና የመድኃኒቱን መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ያብሳል። ሰውም ምረጪ። የሚያመናጭቅሽ ሰው ጋ መሄድ በቀናው ዓይንም ቢታይ ያው ማመናጨቅ ነው። በጠዋት ብርሃን ከማራኪ ወደ ፒያሳ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድም ይቆጠራል፤ ደስ እስኪልሽ አትጠብቂ፣ መሄዱ ይቀድማል።

ማቅለሽለሹ አንጀት ውስጥም ሴሮቶኒን ስላለ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። እንክብሉን ጠዋት ከቁርስ ጋር ዋጪው፤ ማታ ከዋጥሽው እንቅልፍሽን ይነሣሻል። በጾም ቀን ከሰዓት በኋላ ስትፈቺ መውሰድ ትችያለሽ፤ ፍሎክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው በቀስታ ስለሆነ በሰዓታት መዘግየቱ አይጎዳሽም። አንድ ቀን ከረሳሽ ተዪው፤ በማግስቱ ደርበሽ አትዋጪ። ጠበል መጠመቅሽን ማንም አይከለክልሽም። ጠበሉን ጠጥተሽ ካስመለሰሽ ግን መድኃኒቱም አብሮ ይወጣልና ሆድሽ ከረጋ በኋላ ውሰጂው። ጠበሉ እምነትሽ፣ እንክብሉ ሕክምናሽ ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል የለብሽም።

አክስትሽ ለራስ ምታቷ የምትወስደውን አሚትሪፕቲሊን «ለእንቅልፍ ይሆንሻል» ብላ ብትሰጥሽ እንዳትወስጂ። ፍሎክሰቲን አሚትሪፕቲሊንን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያዳክም መጠኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ያ ልብን የሚያዛባ መድኃኒት ነው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻም አትንኪ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥና የጡንቻ መንዘፍዘፍ ሊያመጡ ይችላሉ። ለወር አበባ ሕመም ከአይቡፕሮፌንና ከዲክሎፌናክ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ከፍሎክሰቲን ጋር ሲሆኑ ደም የመፍሰስ አደጋን ይጨምራሉ። ጫትና አረቄ ይቅሩ።

ይህን ደግሞ አጥብቄ ነው የምጽፍልሽ። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብስ ይችላል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት ያሰፋው ለዚህ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ እስኪያቅትሽ የሚያስጨንቅ መቁነጥነጥ ከመጣ፣ ሞትን ማሰብ ከጀመርሽ ወይም ከበረታብሽ፣ ወይም ሳትተኚ ጉልበት ሞልቶሽ ሐሳብሽ መሮጥ ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቂ። አክስትሽን ይዘሽ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን። ለእኔም ደውዪ፤ «ትደነግጣለች» ብለሽ ከእኔ የምትሸሽጊው ነገር አይኑር።

ወር፣ ሁለት ወር ሲያልፍ ሌላ ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። ኀዘኑ ይቀላል፤ ደስታውም አብሮ ይደበዝዛል፤ ማልቀስ ፈልገሽ እንባ እንቢ ይላል። ይህን የሚናገሩት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በአንድ ጥናት ከተጠየቁት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ብለውታል። የክፉውን ድምፅ የቀነሰው መድኃኒት የመልካሙንም ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። ከራሱ ከድባቴው የሚለየው ሌላው ሁሉ፣ እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ትምህርትሽ ተሻሽሎ ስሜት ብቻ ሲቀር ነው። ያኔ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ይቻላል። በግብረ ሥጋ ስሜት ላይም ለውጥ ያመጣል፤ ሳታፍሪ ጠይቂ፣ ሐኪሞቹ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው።

ከተሻለሽ በኋላም ወዲያው አታቁሚ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ከሕመሙ ነጻ ከሆኑ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን መክሯል፤ ስታቆሚም በሐኪም ምክር ቀስ እያልሽ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በትክክል ወስደሽ ምንም ካልተለወጠ ግን የመድኃኒቱ መጠን ወይም ዓይነት እንዲታይልሽ ጠይቂ፤ ከዚያ በላይ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። የምክር ሕክምና ካለም አብረሽ ጀምሪ።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ በየማታው ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ፣ ከማን ጋር እንደዋልሽ፣ የዚያ ሰው ፊት ምን እንደመሰለሽ። በማግስቱ አንብቢውና አሁንም እንደዚያ ከመሰለሽ ምልክት አድርጊ። ወረቀቱን ይዘሽ ግቢና ለሐኪምሽ አሳዪው፤ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ «ደኅና ነኝ» ብለሽ እንዳትወጪ።

እናትሽ