ለልጄ፦ ጂም ከመመለስሽ በፊት

ልጄ፣

ከወሊድ በኋላ የላላውን ሆድሽን ለማጥበቅ የተደረገልሽ ቀዶ ሕክምና ቁስሉ መድረቁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ድኛለሁ፣ ጂም ልመለስ» ማለትሽ ግን አሳስቦኛል። ሐኪምሽ ያዘዘሽ ሁሉ ከዚህ ደብዳቤ ይቀድማል።

ሦስተኛው ሳምንት አታላይ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይገጥማል፤ ከሥር ያለው ስፌት ግን ገና ጥሬ ነው። በእርግዝና ግራና ቀኝ የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች የተቀራረቡት በመካከላቸው ያለው ጠንካራ ሽፋን ታጥፎ በመሰፋቱ ነው። እንዲህ ያለ ሽፋን በ6 ሳምንት የጥንካሬውን ግማሽ ያህል፣ በ3 ወር ደግሞ 80 በመቶ ገደማ ቢመልስ ነው። እስከዚያ ሸክሙን የተሸከመው ክሩ ነው። ክሩ ባይበጠስ እንኳ ሽፋኑን እየቀደደ ሊላላ ይችላል፤ ያኔ ከውጭ ጠባሳው አምሮ ሳለ የሆድሽ መሃል ተመልሶ ይነፋል።

ስለዚህ እስከ 6ኛው ሳምንት ስፖርትሽ የእግር ጉዞ ነው። በቀን ደጋግመሽ፣ በአጭር በአጭሩ ሂጂ፤ በየጥቂት ቀኑ 5 ደቂቃ እየጨመርሽ እስከ 30 ደቂቃ ድረሺ። ጉዞው ዋና ጥቅሙ ደም እግርሽ ውስጥ እንዳይረጋ ማድረጉ ነው። መጀመሪያ ላይ ጎንበስ ብሎ መሄድ ያለ ነው፤ አሁን ግን ሳትለጥጪው ቀስ በቀስ ቀና በይ፣ አለዚያ ወገብሽን ያምሻል።

ከአልጋ ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። በጎንሽ ዙሪ፣ እግሮችሽን አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ተገፍተሽ ተቀመጪ። ስታስዪ ወይም ስታስነጥሺ ትራስ ሆድሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢ። የሆድ ድርቀትንም አትናቂ፤ ጠንከር ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ያመጡታል፣ ማማጥ ደግሞ በስፌቱ ላይ ክብደት እንደማንሳት ነው።

ከባዱ ነገር ልጅሽን አለማንሳቱ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ገደቡ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ኪሎ ነው፤ ዓመት የሞላው ልጅ ግን 9 ወይም 10 ኪሎ ይመዝናል። ተቀምጠሽ ሌላ ሰው ያቀብልሽ፤ መውጣት ከቻለ ራሱ ሶፋው ላይ ይውጣና አቅፈሽው ተቀመጪ። ውሃ የሞላ ባልዲም ከልጁ እኩል ነው።

ሐኪምሽ ሲፈቅድ በትንፋሽ ጀምሪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። በአፍንጫሽ አየር ስትስቢ የጎድን አጥንትሽ ወደ ጎን ይከፈት። ስታወጪ ሽንት እንደምትቋጥሪ ከታች ሰብስቢ፣ እምብርትሽም በስሱ ወደ ውስጥ ይግባ። 8 ወይም 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ትንፋሽ አትያዢ፤ የታፈነው ግፊት መውጫ ሲያጣ ስፌቱን ነው የሚገፋው።

ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ፈቃዱ ካለ፣ የቆመ ብስክሌት፣ ያለ ክብደት ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት ይመጣሉ። ወደ ክብደት ስትመለሺ ደግሞ ቀድሞ ታነሺው ከነበረው ሩቡን ያህል ይዘሽ ጀምሪ። ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ወደ 3 ወር ገደማ ይቆይ፤ እሱንም መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ። ሲት አፕን (በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ መነሳትን) የመጨረሻው መጨረሻ አድርጊው፤ እንደኔ ከሆነ ባትሠሪውም ምንም አይቀርብሽም። በማንኛውም እንቅስቃሴ ላይ የሆድሽ መሃል እንደ ሸንተረር ከወጣ አቅምሽን አልፈሻል፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። ከልምምድ በኋላ የመጣ እብጠት በማግስቱ ጠዋት ካልቀነሰ የሚቀጥለውን ልምምድ በግማሽ ቀንሺው። ከቆዳሽ ሥር ውሃ ሲንቀሳቀስ ከተሰማሽ ፈሳሽ አቁሯል ማለት ነው፤ ልምምዱን አቁመሽ ለሐኪም አሳዪ እንጂ ሆድሽን የሚደግፈውን መታጠቂያ በማጥበቅ አትታገዪው።

ባት በአንድ ወገን አብጦ ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ አትጠብቂ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም የቆዳው ጠርዝ ከጠቆረ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ደውዪ።

ስለ መስታወቱም ልንገርሽ። ማታ ማታ ራስሽን አትመዝኚ፣ አትለኪ፤ እብጠት ቀን ሲቆሙ ውለው ማታ ይብሳል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋም ወራት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛን ወደ ላይ ቢል ፈሳሽ እንጂ ስብ አይደለም። ማየት ካስፈለገሽ በወር አንዴ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሺ። በየሳምንቱ የምትመዘግቢው ግን ስንት ደቂቃ እንደሄድሽና ስንት ደረጃ ሳታርፊ እንደወጣሽ ይሁን፤ በራስ መተማመን ከወገብ ልክ ይልቅ ከዚያ ቶሎ ይመጣል። ከእምብርትሽ በታች ያለው መደንዘዝ ወራት ሊቆይ ይችላልና ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ እዚያ አታስቀምጪ፤ ሳይሰማሽ ያቃጥልሻል። ጠባሳው ከዓመት በላይ ሊቀላ ይችላል፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ በኋላ የሲሊኮን ልጣፍ ይረዳዋል፣ ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል።

እንባ እንባ የሚልሽ ስሜት በእነዚህ ሳምንታት የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም እንቅልፍና ምግብ ከነሳሽ ግን እሱንም ለሐኪም ንገሪ፤ ቅርብ ጊዜ የወለደች ሴት በተለይ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ፦ ጡንቻው ከየት እስከ የት እንደተሰፋ፣ ሄርኒያም (የሆድ ግድግዳ ሳስቶ አንጀት ወይም ስብ ወደ ውጭ የሚገፋበት ቀዳዳ) አብሮ ተጠግኖ እንደሆነ። የልምምዱን ቀን የሚወስነው መልሱ ነው፤ እንደሰማሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ